ኮትና ሱሪ በሁለት ኃያላን መካከል

የዓለምን ፖለቲካ የሚተነትን ሰው የሌለበት ሰፈር ካለ ገና ሰው ያልገባበት ሰፈር ነው። ይህ ሰው የራሱን ጣሪያ ቀዳዳ ዓመቱን ሙሉ መድፈን አቅቶት፣ የኃያላን መንግሥታትን ጠብ ግን ቁርሱን ሳይበላ ይፈታል። የእኛ ሰፈር ተንታኝ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሹመቱን የሰጣቸው ማን እንደሆነ ባይታወቅም ሁላችንም "ክቡር አምባሳደር" እንላቸዋለን፤ እሳቸውም እምቢ ብለው አያውቁም።

ውሃ ቢጠፋ፣ መብራት ቢቋረጥ፣ የጎረቤት ዶሮ እንቁላል መጣል ብታቆም፣ ክቡርነታቸው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው "ከጀርባው ማን እንዳለ እይ!" ይላሉ። ወገቤን ሊለኩ ሜትሩን ሲጠመጥሙ እንኳ ነገር አያልቅባቸውም። "ሆድህ እየሰፋ ነው፤ አንደኛው የዓለም ጦርነትም እንዲሁ ነው የጀመረው፤ አንዱ አንዱን እየጎተተ፣ ማንም በቃ ሳይል።"

ችግሩ መቀሱ ነው። ስለ ቪየናው ጉባኤ ሲያወሩ እጃቸው ረጋ ይላል፤ ጦርነት የጨረሱት ነገሥታት ቀን ካርታ እየቆረጡ ማታ ሲደንሱ ሱሪውም አብሮ ያምራል። ወደ ኩባው የሚሳይል ቀውስ የደረሱ ለት ግን ወዮለት ለደንበኛ! በዚያ ትረካ ላይ የተቆረጠ ሱሪ ሁሉ ግራ እግሩ አጭር ነው። የእኔ ቁም ሳጥን ውስጥ ብቻ ያ ቀውስ ደጋግሞ ፈንድቷል።

ደግሞ ክቡርነታቸው የሚሰፉት ሱሪ ብቻ ነው። ኮት ከመንገዱ ማዶ ያሉት የታናሽ ወንድማቸው ግዛት ነው። አባትየው በአንድ ክፍል እያሠሩ ታላቁን ሱሪ፣ ታናሹን ኮት አስተምረው ነበር። ሲሞቱ ልጆቹ በአባታቸው የስፌት መኪና ተጣሉ፤ ሱቁንም ንግግሩንም ለያዩት። ከዚያ ወዲህ ሙሉ ልብስ የሚያሰፋ ሰው ጨርቁን ተሸክሞ ድንበር ይሻገራል። የሰፈራችንን ወንዶች ከሩቅ ትለዩአቸዋላችሁ፤ ከወገባቸው በላይና ከወገባቸው በታች ስምምነት የላቸውም።

አምባሳደሩ ወንድማቸውን በስም አይጠሩም። "ያኛው ወገን ትከሻህን አጠበበው?" ብቻ ነው የሚሉት።

እንዲህ እያለን እኔ ላገባ ሆነ። እጮኛዬ የለመነችኝ አንድ ነገር ነው። "እባክህ፣ ኮትህና ሱሪህ የአንድ ሰው ልብስ ይምሰሉ።" ቀላል መስሏት ነው። ሁለቱ ሳይነጋገሩ ይህ እንዴት ይሆናል? ጨርቄን ይዤ አምባሳደሩ ዘንድ ሄጄ፣ ነገሩን በዘዴ ልጀምረው ብዬ ኃያላኑ እንዴት እንደሚነጋገሩ ጠየቅኋቸው።

"ጋሼ፣ ያ ቀይ ስልክ የሚሉት ነገር…"

"ቀይ ስልክ የሚባል የለም!" መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ጣሉት። "ፊልም ነው ያሳታችሁ። ዋሽንግተንና ሞስኮ በዚያ መስመር የሚላላኩት በጽሑፍ ነው። ድምፅ ይቆጣላ! ጽሑፍ ግን ተረጋግቶ ይነበባል።"

"ችግር በሌለበት ቀንስ?"

"እህ! አሁን ጠየቅህ።" መነጽራቸውን አወለቁ። "ይሞክሩታል። በየሰዓቱ ማንንም የማይነካ ነገር፣ ከመጽሐፍም ቢሆን የተቀዳ፣ ይላላካሉ። ዓለምን ሊያጠፉ የሚችሉ ሰዎች ስለማይረባ ነገር ይጻጻፋሉ! ለምን? መስመሩ እንዳለ ለማወቅ። አይገርምህም?"

ገረመኝ። ከሁሉ የገረመኝ ግን የእሳቸው ፊት ነበር። የተንታኝ ኩራቱ ጠፍቶ፣ ሰው እንዴት ከጠላቱ ጋር እንዲህ ሊሆን እንደሚችል ዕድሜ ልኩን ሲጠይቅ የኖረ ሰው ፊት ሆነ።

"እርስዎስ አይሞክሩትም?" አልኩ፣ በጣቴ ማዶውን እያሳየሁ።

"ያኛው ወገን ዝግጁ አይደለም።"

"ሙከራ እኮ ነው። ማንንም አይነካም።"

ወደ ማዶው ሱቅ አዩ። ጠመኔያቸውን አነሱና ለኮት የተለየውን ጨርቅ ገልብጠው ውስጠኛው ገጽ ላይ ጻፉ፦ "ዛሬ ነፋስ አለ።"

"ይህንን ብቻ" አሉኝ። "አባታችንን አላነሳሁም። መኪናውንም አላነሳሁም።"

ማዶ ወሰድኩት። ታናሽየው እንደ ወንድማቸው ወሬ አይወዱም፤ ጽሑፉን ሲያዩ ጨርቁን አጠፉና "ነገ ና" አሉኝ። በማግስቱ ከኮቱ የተረፈውን ቁራጭ ሰጡኝ። ጀርባው ላይ በጠመኔ "ነፋሱን አይቻለሁ" ይላል።

አምባሳደሩ በዚህች ዓረፍተ ነገር ላይ ከሰዓቱን ሙሉ ተነተኑ። "ነፋስ መኖሩን አምኗል! ቀላል ነገር እንዳይመስልህ። ከጀርባው ማን እንዳለ እይ!" ከጀርባው የነበረው ሰው እንቅልፍ አጥቶ የሠርጉን ቀን የሚጠብቅ እኔ ነበርኩ። ቀለም ላስተያይ፣ ቁልፍ ላማርጥ እያልኩ ያቺን ቁራጭ ይዤ ተመላለስኩ። አንዱ ጽፎ ሌላው ጠመኔውን እያራገፈ፣ የዳቦ ቤቱ በር ቀለም እንደተቀባ፣ የመንገዱ መብራት ዛሬም እንዳልበራ ተላላኩ።

አንድ ቀን ግን ቁራጯ እንዲህ የሚል ይዛ ተመለሰች፦ "መስኮትህን ዝጋ። ደረትህ ነፋስ አይወድም።"

አምባሳደሩ አንብበው ቆሙ።

"ይህ የሙከራ መልእክት አይደለም" አሉ ቀስ ብለው። የዚያን ቀን ትንታኔ አልነበረም። ያቺን ቁራጭ ሳያራግፉ ኪሳቸው ከተቷት፤ እኔም መልስ ሳልይዝ ወጣሁ፤ መስመሩ ተቋረጠ አልኩ።

የሠርጌ ዕለት ጠዋት ሱሪዬን ልለብስ ሱቃቸው ገባሁ። ግራ እግሩ አጭር ነው። ክቡርነታቸው "አትንቀሳቀስ!" ብለው ተንበረከኩ፤ አፋቸውን በስፒል ሞልተው እጥፋቱን መልቀቅ ጀመሩ። ያኔ ታናሽየው ኮቴን ክንዳቸው ላይ ጥለው በሩ ላይ ብቅ አሉ። መንገዱን ራሳቸው ተሻግረው!

ወደ እግሬ አዩ። "አሁንም ግራውን ታሳጥራለህ" አሉ።

ደነገጥኩ። በአምባሳደሩ አፍ ውስጥ ምን ምን እንዳለ አውቃለሁ፤ ቪየናም፣ የዓለም ጦርነቱም፣ የአባትየው መኪናም አለ። ደግነቱ ሁሉም ከስፒሉ ጀርባ ነበር። የሰፈራችን ታላቅ ተናጋሪ በታሪካቸው ትልቁ ሰዓት ላይ አንዲት ቃል መናገር አልቻሉም። ታናሽየው ኮቱን አለበሱኝና በቀኝ በኩል ተንበረከኩ። እጃቸውን ዘርግተው አንድ ስፒል ከወንድማቸው ከንፈር መዘው እጥፋቱ ላይ ሰኩት። ቀጥሎም ሌላ።

ስልኬ ኪሴ ውስጥ ይጮኻል፤ ሙሽራዬ ናት። አላነሳሁም። እኚህን ለፍላፊ ሰው ምን ያህል እንደምወዳቸው ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ሠርጌ ቢዘገይም እግሬን ማንቀሳቀስ ፈራሁ።

የመጨረሻው ስፒል ከአፋቸው ወጣ። ትንታኔውን ጠበቅሁ። አምባሳደሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"መስኮቱ ተዘግቷል" አሉ።

"አይቻለሁ" አሉ ወንድማቸው።