ልጄን በሕግ አስመርቄ

ልጁን ዩኒቨርሲቲ የላከ ወላጅ ሁሉ፣ በገዛ እጁ ቤቱ ውስጥ ተቃዋሚ ፓርቲ እያቋቋመ ነው። አይሳቁ! የእርስዎም ተራ ይደርሳል…

እኔ ቀራንዮ ያለው የሰፈራችን እድር ዳኛ ነኝ… ይቅርታ፣ ነበርኩ። ልጄ ሰላም ዘንድሮ በሕግ ተመረቀች። የእጅ ሰዓት ሸለምኳት፤ ለኩራቴም የእድሩ አባል አድርጌ አስመዘገብኳት። ለድግሱ የእድሩን ድንኳን ማንንም ሳልጠይቅ ግቢዬ ተከልኩት። ምን አለበት? ቁልፉ እንደሆነ እኔ ኪስ ነው!

ጎረቤቴ ጋሽ ወልዴ ግን አየር ጤና ታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ፣ «የእኛ ዳኛ በሕዝብ ድንኳን ነው የሚደግሰው» ብለው አወሩብኝ። ደሜ ፈላ! ከእድሩ ላባርራቸው ወሰንኩ።

«ሰሊ፣ የማባረሪያውን ደብዳቤ በሕግ ቋንቋ አሳምረሽ ጻፊልኝ።»

«እሳቸው ተጠይቀዋል?»

«ጥፋተኛ ምን ይጠየቃል?»

«አባዬ፣ ሰው ሳይሰማ አይፈረድበትም። መሪን መተቸት ደግሞ መብት ነው። ለመሆኑ ሲሞቱ ማን ሊቀብራቸው ነው?»

«እሱን ከመናገራቸው በፊት ያስቡበት ነበር! አምስት ዓመት ያስተማርኩሽ ለዚህ ነው?»

«ታዲያ ለምን ነበር?»

ቢሆንም እሑድ ወደ እድሩ ስብሰባ ይዣት ሄድኩ፤ የአባት ፊት አይታ ዝም ትላለች ብዬ። የዋህነቴ! ገና «ይባረሩ» ከማለቴ እጇን አወጣች።

«መጀመሪያ ጋሽ ወልዴ ይናገሩ።»

ሽማግሌው ተነሡ። «እኔ ብዙ ወሬ የለኝም። ድንኳኑ የት ነበር? እሱን ብቻ ጠይቁልኝ።»

ሁሉም ወደ እኔ… እኔ ወደ ልጄ…

«እኛ ግቢ ነበር» አለች። «እኔም ጨፍሬበታለሁ፤ ይቅርታ።»

ከዚያማ ምን ልንገርዎ! «ይውረድ! ይውረድ!» ሆነ። ስንት ለቅሶ አብረን የደረስን ሰዎች አፌን እንኳ ልክፈት ብል እምቢ አሉኝ። በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት!

«ዝም በሉ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ልጄ ናት። «አባዬም የመሰማት መብት አለው!»

እንባዬ መጣ። ልጅ ማለት እንዲህ ነው እንጂ! ድንኳኑ ከተገዛበት ቀን ጀምሬ፣ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ተናገርኩ። ማንም አላቋረጠኝም።

ስጨርስ ጸሐፊው፣ «ይውረድ የምትሉ፣ እጅ አውጡ» አለ።

መጀመሪያ የወጣው እጅ ለምርቃቷ የሸለምኳትን ሰዓት አስሯል።