በዓሉን የት ዋላችሁ?

በየክሊኒኩ ካርድ ክፍል ከሐኪሙ በላይ የምትጠይቅ ሴት አትጠፋም። አርአያ ደም በሚመረምርበት የፒያሳ ክሊኒክ ይህን ማዕረግ የያዙት ክብርት ወይዘሮ ጥሩነሽ ናቸው። ስታቲስቲክስ በዲግሪ አጥንተዋል። የበሽተኛ ስም እስከ አያት ይጽፋሉ። ጥቁር ከለበሱ ሦስት ዓመት አልፏቸዋል።

«ከከተማ ወጥታችኋል?» ብለው አይጠይቁም። «እንዲያ ካልከው ሰዉ ‹የትም አልሄድንም› ነው የሚልህ። ዘመድ ቤት መክረም ለኛ መንገድ አይደለማ!» ይሉታል አርአያን። ስለዚህ የሚጠይቁት፣ «በዓሉን የት ዋላችሁ? ለቅሶስ? አያቱ የት ናቸው? ልጁ እዚያ አድሯል?» ሰልፉ እየረዘመ ደረጃውን ይወርዳል።

«እትዬ፣ ሊድሩን ነው እንዴ?» ይላል አንዱ ከኋላ።

«አንተን ማን ይወስድሃል! ተራህን ጠብቅ።»

አርአያን የሚያበግኑት ግን ሐኪሙን ነዝንዘው በሚያስጨምሯት ትእዛዝ ነው፤ «ወባም ይታይ»።

«እዚህ ብርድ አገር ምን ወባ አለ፣ እትዬ?»

«ወባው ባይመጣ ልጁ ይሄዳል።»

አርባ ጊዜ አይቷል፤ አርባ ጊዜ ምንም የለም።

ማክሰኞ ዕለት ረይሀና የምትባል የአትክልት ተራ ነጋዴ የአራት ዓመት ልጇን ታቅፋ መጣች። ሌላ ቦታ ታይፎይድ ነው ተብሎ አምስት ቀን መድኃኒት ወስዷል። ትኩሳቱ አልበረደም፤ ዓይኑን መግለጥ አቅቶታል።

ሐኪሙ ከከተማ ወጥታችሁ ነበር ወይ ሲላት «የትም አልሄድንም» አለች።

«አረፋን የት ዋላችሁ፣ የኔ እናት?» አሉ ወይዘሮ ጥሩነሽ።

«ባቲ፣ እናቴ ዘንድ። ልጁን አልሰጥም ብላ ሁለት ሳምንት አከረመችው።»

አርአያ እየተነጫነጨ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሰ። ከዚያ አስተካክሎ ደግሞ አየ። የልጁ ደም በወባ ተሕዋስ ተሞልቷል። ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይዘውት በረሩ።

«ልክ ነበሩ» ሊላቸው ካርድ ክፍል ሲገባ፣ ወይዘሮ ጥሩነሽ አንድ የቆየ ካርድ ፊታቸው ዘርግተዋል። «ምኞት፣ ስድስት ዓመት» ይላል። ዝቅ ብሎ በራሳቸው እጅ ጽሕፈት፣ «ጉዞ፦ የትም አልሄደችም»።

«ልጄ ናት» አሉ። «አርባ ምንጭ እህቴ ዘንድ ከርማ ነበር። እኔው ነኝ የሞላሁት።»

«ለምን አይሰርዙትም፣ እትዬ?»

«የተጻፈ አይሰረዝም።»

በማግስቱ ከሰዓት ረይሀና ደወለች። «ዓይኑን ገለጠ! ውኃ አምጪ አለኝ!»

ወይዘሮ ጥሩነሽ ስልኩን ዘግተው ፊታቸውን ወደ መደርደሪያው አዞሩ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። አርአያ ወንበራቸው ላይ ተቀምጦ ተረኛውን ተቀበለ። በዚያ መጥፎ ጽሕፈቱ የሞላውን ካርድ ሁሉ ነገ እየተቆጡ ወደ ሌላ ካርድ እንደሚገለብጡት ያውቃል። ግን አንድም ጥያቄ አልዘለለም።