ጉና ሥር ያደገ ሰው ማማ አይፈራም!

ከእኛ ከደገኞች የባሰ ትዕቢተኛ የለም! ተራራውን እኛ የካብነው ይመስል፣ ከፍ ያለ አገር መወለድን እንደ ሙያ እንቆጥረዋለን። ቆላ የወረደ ደገኛ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ላቡ በጀርባው እየወረደ፣ ኮቱን ሳያወልቅ፣ «ይኼም አገር ተብሎ…» እያለ አፍንጫውን ሲነፋ ታገኙታላችሁ። ካላመናችሁ እኔን እዩኝ።

የባለቤቴ ታናሽ እህት ማስተዋል ከዓረብ አገር ተመልሳ ጅቡቲ ላይ የከባድ መኪና ሹፌር አገባችና ወለደች። እናቷ እማማ አትጠገብ፣ ማለትም አማቴ፣ «አራስ ልጄን ሳልጠይቅ አልሞትም!» አሉ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ከአንበሳሜ ርቀው ያዩት አገር ቢኖር ጣራ ገዳም ነው። ማን ያድርሳቸው? ሲባል እኔ በዘመድ አዝማዱ ፊት ደረቴን ነፋሁ።

«እኔ እያለሁላቸው! ደግፌ ወስጄ ደግፌ እመልሳቸዋለሁ!»

መቼም ባልናገር ይሻለኝ ነበር። እማማ አትጠገብ ከሠርጌ ቀን ጀምሮ «አንቱ» የሚሉኝ፣ ለአንበሳሜ ሰው ሁሉ «የእኔ አማች እኮ ደፋር ናቸው» እያሉ የሚያወሩልኝ ሴት ናቸው። እዚያ አገር መሬት የለኝ፣ ከብት የለኝ፤ ያለኝ ንብረት ይቺው ስሜ ናት።

ሄድን፤ አራሷን ጠየቅን፤ ገንፎውም ተበላ። በሦስተኛው ቀን ማስተዋል፣ «እኔ አራስ ነኝ፣ አልወጣም። እናንተ ግን ታሪካዊውን የመብራት ማማ ሳታዩ አትሄዱም» አለች። በጨለማ የሚመጣ መርከብ ከድንጋይ እንዳይላተም ብርሃን የሚያሳይ፣ ባሕሩ አፋፍ ላይ የቆመ የድሮ ግንብ ነው አሉ። ሳቄ መጣ። ማማ እንደሆነ እኛም አገር አለ! አራት እንጨት ተክለን፣ ላዩ ላይ ተቀምጠን ከማሳችን ዝንጀሮ እናባርርበታለን። ታሪካዊ ነው ብሎ በሩ ላይ ቲኬት የቆረጠበት ሰው ግን እስከ ዛሬ አላየሁም።

ስንደርስ ቀለሙ የተላላጠ ቀጭን ነጭ ግንብ ጉብ ብሏል። ጎብኚ ተብዬዎቹ ስልካቸውን ወደ ላይ ዘርግተው፣ ከንፈራቸውን አሹለው፣ ግንቡን በጀርባቸው እየጎበኙት ነው! ጠባቂው ደግሞ አማርኛውን ከሾፌሮቻችን የለቃቀመ ሰውዬ ነው።

«ፋዘር፣ ይኼ በጣም አሮጌ! መቶ ዓመት አልፎታል!»

«እኛ አገር መቶ ዓመት የሞላው ነገር ገና ጎረምሳ ነው» አልኩት።

«በጣም ረጅም!»

«ወንድሜ፣ እኔ የመጣሁት ከጉና ሥር ነው። ቤቴ ወለል ላይ ተኝቼ እንኳ ከዚህ ግንብ እበልጣለሁ!»

እንዲህ እየተኩራራሁ ዞር ስል፣ እማማ አትጠገብ ጫማቸውን አውልቀው የማማውን መቃን ይሳለማሉ።

«እማማ! ምን እያደረጉ ነው?»

«ታቦቱ የማን ነው?»

«ታቦት የለውም! የመርከብ መብራት ነው!»

«ለመንገደኛ የሚያበራ ቤት በጫማ አይገባም» አሉና በባዶ እግራቸው ገቡ። አፈርኩ። ያ ሁሉ ሰው እያየን! አብሬያቸው የመጣሁ እንዳልመስል ብዬ ቀደምኳቸው። እሳቸው ከኋላ በየደረጃው አንዳንድ አቡነ ዘበሰማያት እየደገሙ ቀስ ብለው ይወጣሉ፤ እኔ ደጋፊ ተብዬው ጠመዝማዛውን ደረጃ ሁለት ሁለቱን እየረገጥኩ ላይ ደረስኩ።

ከመብራቱ ውጪ ዙሪያውን የሚያስኬድ በረንዳ አለ። በኩራት ወጣሁበት። ወለሉ… ወንፊት ነው! ቀዳዳ ብረት! ጉና ላይ ስትቆሙ ከእግራችሁ ሥር ጉና አለ፤ እዚህ ግን ከእግሬ ሥር ያለው አየር ነው፣ ከአየሩ ሥር ደግሞ ድንጋይ የሚገርፍ ባሕር። ያገኘሁትን የብረት ቋሚ እንደ ጠፋ ወንድሜ አቀፍኩት። ጠባቂው ከታች አንጋጦ፣

«ፋዘር! ምን ሆንክ? ነዳጅ ጨረስክ?» ብሎ ጮኸ። ከንፈራቸውን ያሾሉት ሁሉ ስልካቸውን ወደ እኔ አዞሩ። እዩኝ እዩኝ ያለ ደብቁኝ ደብቁኝ ያመጣል ማለት ይኼው ነው።

እማማ አትጠገብ ደረሱ።

«ምነው፣ አመመዎት?»

«ኧረ ምንም… ባሕሩን እያየሁ ነው።»

«ዓይንዎን ጨፍነው ነው የሚያዩት?»

እሳቸው ነጠላቸውን አደግድገው፣ ወደ ሰማይ ቀና ብለው አንድ ነገር አንሾካሾኩ። ከዚያ የስንት ዓመቱ አንቱታ በአንድ ጊዜ እልም አለ!

«አንተ ልጅ! ልቀቀው ብረቱን! እኔን እኔን እያየህ በመቀመጫህ ውረድ!»

ወረድኩ። ያን ሁሉ ደረጃ፣ አንድ በአንድ፣ ገና እንዳልቆመ ሕፃን በመቀመጫዬ እየተንሸራተትኩ፣ እጄን አማቴ ይዘውኝ! ታች ስንደርስ ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው፣ «ጫማዬን ቢያቀብሉኝ» አሉ። አንቱታው ተመለሰ! ዕድሌን ልጠቀም ብዬ ለመንኳቸው።

«እማማ፣ አደራዎን… አንበሳሜ ላይ ይኼን ነገር…»

«ምን በወጣኝ! ለሰው ብናገር ምላሴ ይቆረጥ!»

የእማማ አትጠገብ ቃል አይታጠፍም። አገራችን ገብተን ሳምንታት አለፉ፤ አንድም ሰው አላወቀም። እኔማ ጭራሽ ማማውን ዙሪያውን ሦስት ጊዜ እንደዞርኩት ማውራት ጀምሬ ነበር።

ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። አማቴ፣ «ስትመጡ ባለቤትዎ የገዛችልኝን ዕቃ ይዘውልኝ ይምጡ» ብለው ላኩብኝ። በጨርቅ የተጠቀለለ ረዘም ያለ ነገር ነው። ከቤታችን ከደብረ ታቦር አንበሳሜ ድረስ ሚኒባስ ውስጥ ሰው እንዳይነካብኝ ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ደግፌ አደረስኩላቸው። ምን እንደሆነ መጠየቅ ማንን ገደለ!

ታቦቱ ሊገባ ሲል ጥቅሉ ተፈታ። ባለ ወርቅ ዘርፍ ጃንጥላ! ቄሱ ድምፅ ማጉያውን አነሡ።

«ምእመናን! ወይዘሮ አትጠገብ፣ ደብረ ታቦር ያሉት አማቻቸው ባሕር ዳርቻ ማማ ላይ ወጥተው መውረድ ቢያቅታቸው ለቅዱስ ሚካኤል ተስለው ነበር። በመቀመጫቸው በሰላም ስላወረደላቸው፣ ስለታቸውን ይኸው አግብተዋል! እልል በሉ!»

አንበሳሜ እልል አለች! እኔ ላብ በላብ ሆኜ ወደ አማቴ ጎንበስ አልኩ።

«እማማ! ለሰው አልናገርም ብለውኝ አልነበር?»

«ለሰው መቼ ተናገርኩ? ለሚካኤል ነው የነገርኩ!»

ይኼን ጊዜ አንድ ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌ ሕዝቡን ሰንጥቀው መጡ። ሁለት እጄን ጥብቅ አድርገው ያዙና፣ ከልባቸው እያዘኑልኝ፣

«እንኳን ለመሬት አበቃዎት!» አሉኝ።