አዲስ ካልሆነ ሱቄ አይገባም

አዲስ ነገር የሚጠላ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። በተለይ እንደኔ አስራ አንድ ዓመት በሰው ቤት ሠርቶ የማዳሙን አሮጌ ጫማ ሲጎትት የኖረ ሰው፣ አዲስ ሲያይ ልቡ ይዘላል። ስለዚህ እዚሁ ዓረብ አገር፣ ናባዓ የሚባል ሰፈር የራሴን ሱቅ ስከፍት ማልኩ፤ ኸላስ፣ አሮጌ የሚባል በዚህ በር አያልፍም። ታሪክሽን ልጻፍ ብለሽ መጥተሽ የለ? ጻፊው እንጂ አንቺ ልጅ፣ ምን ያስቅሻል?

ከበርበሬው ጆንያ ጀርባ ሰርቨር የሚሉት ኮምፒውተር አለ። የሴቶቻችን ፓስፖርት የሚኖረው በየማዳሙ ቁም ሳጥን ነው፤ ኮፒው ግን እሱ ሆድ ውስጥ። ልጅቷ የትም ሆና በስልኳ ታወጣዋለች። ሱብሃን አላህ፣ ያ ትንሽ ሳጥን የስንቱን ስም ከነአባቱ ተሸክሞ ቀን ከሌት ሲያንኮራፋ፣ እውነቴን ነው፣ ስገባ ሰላም ልለው ይቃጣኛል።

የምታስተዳድረው ሐዋ ናት፤ ካራንቲና ሰፈር አንድ የኮምፒውተር መጠገኛ ስትጠርግ በዓይኗ የተማረች የወሎ ልጅ። አንድ ቀን የሰርቨሩ ሲስተም ይቀየር አለችኝ። ሁለት ዓይነት አለ፤ አንዱ ቆየት ያለ፣ ተፈትኖ የተረጋጋ፤ ሌላው አዲስ፣ ሠሪዎቹ ራሳቸው ገና የሚሞክሩት። ይሄም ይጠየቃል? አዲሱን አልኳት። እትዬ ዘምዘም፣ እሱ እኮ አልበሰለም፣ ድንገት ይቆማል አለች። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ብላም ተረተችብኝ። ሰይጣንም ቢሆን አዲሱ ይምጣ አልኩ። እሺ ብላ ሠራችው።

ወር ሳይሞላ ኻልዴ ሰው ቤት የምትሠራው ዘይነባ ደወለች። አገር ቤት እናቷ ታማለች፤ ማዳሟ ፓስፖርቷን አልሰጥም ብላለች። የመሄጃ ወረቀት ለማውጣት ቆንስላ ያላት ቀጠሮ በዚያው ቀን አራት ሰዓት ነው፤ በሩ ላይ ተሰልፌያለሁ፣ ተራዬ ሲደርስ ኮፒውን አወጣለሁ አለችኝ። ስልኩን እንደዘጋሁ ሐዋ መናኢሽ የሚሉትን ቂጣዋን እየገመጠች ገባችና፣ ያ አዲሱ ሲስተም ዛሬ ጠዋት አልነሳ አለ፣ አለችኝ። እንዲህ፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው።

በኔ አዲስ ወዳድነት አንዲት እናት ልጇን ሳታይ ልትቀር ነው ያኒ? ጆንያው ላይ ቁጭ እንዳልኩ ስልኩ ጮኸ። ዘይነባ ናት። ኮፒው ወጣልኝ፣ ተቀበሉኝ፣ አላህ ይስጥሽ አለች።

ሐዋን አየኋት። ጠዋት አልነሳ ያለው እኔ ቤት ለሙከራ የጫንኩት ነው አለች፤ እዚህ ያለው የተረጋጋው ነው፣ ለእርስዎ የቀየርኩት የስክሪኑን ሥዕል ብቻ ነው።

ተቆጣሁ? በምን አፌ። ማዳሜ በረኪና ጨምሪ ስትለኝ «ሓድር»፣ እሺ እመቤቴ እያልኩ፣ የማውቀውን ያህል ብቻ እየጨመርኩ አይደል ያን ሁሉ ዓመት ልብሷን ያተረፍኩት? ያስደነቀኝ ሌላ ነው፤ ለካ ሳላውቀው ማዳም ሆኛለሁ።