የባለመኪናው ሚስት ማዕረግ

የራሱ የጭነት መኪና ያለው ሾፌር ሁሉ ሁለት ሚስት አለው፤ አንዷ ቤት ሆና ትጠብቀዋለች፣ ሌላዋ ይዛው ትሄዳለች። አለቃ የለኝም ብሎ ደረቱን ይነፋል እንጂ ሞተሩ አንዴ ካስነጠሰ ከንጉሥ ፊት እንደቆመ ሎሌ ነው የሚሆነው። የሰፈራችን ባለመኪናም እንዲሁ ነበር። ያንን ተሳቢ የገዛው ለሰው ሲነዳ ግማሽ ዕድሜውን ጨርሶ ነውና፣ አንድ አቧራ ሲያርፍበት እሱ ላይ ያረፈ ያህል ይቆረቁረዋል።

ከመንገድ ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ ቤቱን ይዞራል። የአልጋውን እግር በጫማው ጫፍ መታ መታ ያደርጋል። ማቀዝቀዣው ላይ ጆሮውን ለጥፎ፣ «ይሄ ድምፅ አላማረኝም» ይላል። ቤቱ ጸጥ ካለ ደግሞ እንቅልፍ በዓይኑ አይዞርም። ልብስ ሰፊ የሆነችው ሚስቱ እሱ ጋደም ሲል ጠብቃ የስፌት መኪናዋን ታንደቀድቅለታለች። ክር ልትቀይር ከቆመች አለቀላት፤ ብድግ ይልና፣ «ምነው፣ ምን ሆነን ቆምን?» ይላታል።

ወሬው ሁሉ መንገድ ነው። ልጆቹ ስለ ክፍላቸው ሲያጫውቱት ስለ ቁልቁለት ይመልስላቸዋል። ሚስቱ ይህን ሁሉ ችላ ኖራለች። አንዱን ግን አልቻለችውም።

የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ያቋረጠችውን ትምህርት በማታ ቀጥላ፣ ከልጆቿ እኩዮች ጋር ዴስክ ተጋርታ፣ የመጨረሻውን ፈተና አለፈች። ለጎረቤት እንኳን ሳትናገር እሱን ጠበቀች። በር ላይ ተቀብላ፣ «አለፍኩ!» አለችው።

«ጎበዝ» አላት። ትንሽ ቆሞ አያትና፣ «ያ የፊት ጎማ ግን ዛሬ አላማረኝም» ብሎ ተመልሶ ወጣ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙን መጥራት ተወች። «ክቡርነትዎ፣ እራት ቀርቧል። ክቡርነትዎ፣ ካልሲዎ ታጥቧል።» እሱ ደግሞ ሽሙጡ አልገባውምና፣ በመጨረሻ ወግ ያለው አክብሮት አገኘሁ ብሎ ደስ አለው።

በዚህ መሀል እህቷ ሩቅ ከተማ ወለደች። አውቶቡሱ ሞልቶ ቦታ አጣች። «ጋቢናው ባዶውን ነው የሚሄደው፣ ነይ ተሳፈሪ» አላት ባሏ። ከእሱ ጋር ከነዳጅ ማደያው አልፋ ሄዳ አታውቅም ነበር። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ እንደ እንግዳ ተቀመጠች።

መጀመሪያ ጎማ ለማስነፋት ቆሙ። ጎሚስታው እጁን ቱታው ላይ እየጠራረገ ወደ እሷ በር መጣ። «እትዬ፣ እንኳን ደስ ያለሽ! ፈተናውን አለፍሽ አሉ።»

ወደ ባሏ ዞረች። እሱ ጎማ እያየ ነው።

ቀጥሎ የጭነት ሚዛን ላይ ደረሱ። መዛኙ በመስኮቱ አንገቱን አስግጎ አያትና፣ «ከሁሉም አንደኛ የወጣሽው አንቺ ነሽ?» አላት።

«ማነው ያለው?»

«ጋሼ ነዋ! ያን ሰሞን ሚዛኑ ላይ ቆሞ ወረፋውን ዘግቶ ነው የነገረን። ከኋላ ያሉት ክላክስ ሲያስጮሁበት ለደስታዬ ነው ብሎ እጅ ነሳቸው።»

ሚዛኑን አልፈው ዳገቱን ሲጀምሩ አፏን ከፈተች። «እኔ እኮ አንደኛ አልወጣሁም።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዋሸህ?»

«አልዋሸሁም። በተናገርኩት ቁጥር ትንሽ ትንሽ እየጨመረ ሄደ።»

«ለእኔ ግን አንዲት ‹ጎበዝ› ወርውረህ ወጣህ!»

ማርሽ ቀየረ። መኪናው አቃሰተ። «አንቺማ ታውቂዋለሽ» አለ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል። «ወሬ የሚነገረው ለማያውቅ ሰው ነው።»

«የዚያን ቀን ጎማው ምን ሆኖ ነበር?»

«የቱ ጎማ?» አለና ወዲያው ጆሮው ድረስ ቀላ።

ጎማው ምንም እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባት። ሰውዬው ሚስቱ ፊት ማልቀስ አሳፍሮት ሮጦ የወጣ ኖሯል። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ እሱም በተራው እንባዋን እንዳያይባት።

ጭነት የሚራገፍበት ከተማ ሲደርሱ እሱ ፍሬኑን ሊያይ መኪናው ሥር ገባ። ከመንገዱ ማዶ ያለችው ባለ ምግብ ቤት ወንበር ይዛ፣ ወንበሩንም በሽርጧ እየወለወለች ከነተመጋቢዎቿ ወጣች።

«ዶክተር! ይቀመጡ እንጂ። ባለቤትዎ እዚህ በመጡ ቁጥር ስለ እርስዎ ሳይነግሩን ማንኪያ አያነሱም። ይቺን ጉልበቴን አንዴ ቢያዩልኝ...»

ልብስ ሰፊዋ ባሏን ፈለገች። ከመኪናው ሥር ሁለት እግሮቹ ብቻ ይታያሉ። እነሱም መንቀሳቀስ አቁመዋል፤ ምን እንደምትመልስ እያዳመጠ ነው።

ከደጃፉ የተሰበሰበውን ሰው አየች። ቀሚሷን አስተካክላ፣ ቀና ብላ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«ዶክተር እንኳን ገና ነኝ» አለች።

ከመኪናው ሥር፣ «ምን አልኳችሁ!» የሚል ጩኸት ተሰማ።