ለአማቴ ሶፋ የመረጥነው ሚስማር

በአገራችን ያለ ክፍያ፣ ያለ ወረፋና ያለ ጥያቄ የሚታደል ነገር ቢኖር ምክር ነው። አሶሳን ደግሞ በዚህ የሚወዳደራት የለም። ግድግዳ ልትቀቡ ነው? መንገደኛው ቆሞ ቀለሙን ይመርጥላችኋል። ፍየል ልትገዙ ነው? የማታውቁት ሰው መጥቶ ጥርሷን ገልጦ ያያል። አበው «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ሲሉ ምክርና መከራ ተራ በተራ የሚመጡ መስሏቸው ነበር። እኔ ቤት ግን ተቃቅፈው ነው የገቡት።

ተናድጃለሁ። ኋላ «ምነው ተቆጣ?» እንዳትሉኝ አስቀድሜ ልንገራችሁ።

ባለፈው ክረምት አማቴ አዴ አያንቱ ባምባሲ ደጃፋቸው ላይ አዳልጧቸው ወደቁና ዳሌያቸውን ተጎዱ። ባለቤቴ ለሊሴ አሶሳ እኛ ዘንድ አመጣቻቸው። የምታያቸው ነርስ «ቀን ቀን ቀና ብለው መቀመጥ አለባቸው፤ እንደተኙ ከዋሉ ሳንባቸው ይታመማል» አለችን። የፕላስቲኩ ወንበር ወገባቸውን ወጋቸው። ዱካው ደግሞ ዝቅ ስለሚል ከተቀመጡበት መነሣት አቃታቸው። አልጋ ላይ ቀሩ፤ ሳልም ጀመራቸው። ስለዚህ ከፍ ያለ፣ ክንዱ ሰፊ፣ ቡናማ ቆዳ የለበሰ ባለአንድ ሶፋ አሠራሁላቸው። እንዲህ ያለ አማች ይሸለማል እንጂ ይከሰሳል?

ሶፋውን የሠራው ኢድሪስ ነው፤ የቤርታ ልጅ፣ የዚሁ የአሶሳ ሰው። ሥራው መንገድ ዳር፣ ማንጎ ጥላ ሥር ስለሆነ ሶፋችሁ ገና እንጨት እያለ ጀምሮ የሕዝብ ንብረት ነው። ቆዳው ከተወጠረ በኋላ የቀረው ጠርዙን የሚሸፍነው የጌጥ ሚስማር ብቻ ነበር፤ ያ ራሱ እንደ አዝራር ክብ የሆነው። ከሚስማር ሻጩ ሦስት ዓይነት አምጥቼለት ለናሙና ክንዱ ላይ ጎን ለጎን መታቸው። ሰውም ተሰበሰበ።

እኔ ደብዛዛውን፣ የአሮጌ ነሐስ መልክ ያለውን ወድጄው ነበር። ማን ሊሰማኝ! ወርቅ ከመሬት በሚዛቅበት ክልል ደብዛዛ ነገር መምረጥ ነውር ነው ተባልኩ። «ወርቃማው፣ አበባ ያለበት!» አለ የባጃጅ ሹፌሩ። «ይሄን ሚስማር የሆነ ቦታ አይቼዋለሁ፤ እንዴት እንደሚያምር!» ከገበያ የምትመለሰው ጎረቤቴም የሆነ ቦታ አይታዋለች። ጡረታ የወጡት መምህርም አይተውታል። የት እንደሆነ ግን አንዱም አላስታወሰም። ኢድሪስ መዶሻውን አነሣ።

«ወላሂ ይሄ ጥሩ ነው። ሶፋው ሙሽራ ትመስላለች። ጠጋ ጠጋ አድርገን እንመታዋለን፣ ኸላስ!»

ኸላስ። ጠጋ ጠጋ ተደርጎ ዙሪያውን ተመታ።

ሶፋው ቤት ሲገባ መካሪዎቼም ተከትለው ገቡ። ለሊሴና ጎረቤቷ አዴ አያንቱን ደግፈው ከመኝታ ቤት አወጧቸው። እጃቸውን ዘርግተው ክንዱን ሊይዙ ሲሉ ጣታቸው ሚስማሩ ላይ አረፈ። ቆሙ። አማቴ የድሮ ሰው ናቸው፤ አማቻቸውን በቀጥታ አያናግሩም፣ «አንተ» ማለትማ የማይታሰብ ነው። እኔ አጠገባቸው ቆሜ እያለሁ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ለሊሴ፣ ባልሽን ጠይቂልኝ። እሳቸው ቸኩለዋል?»

«ምን ሆንሽ እማዬ?»

«ዋቃዮ! ይኼ እኮ አክስትሽን ዲንቂቱን የቀበርንበት ሳጥን ነው! ዙሪያውን፣ ከፋይ ጨርቁ ጠርዝ ላይ፣ ልክ እንዲህ ጠጋ ጠጋ ብሎ የተመታው። ሚስማሩ ራሱ ነው።»

ጎረቤቴ አፏን በሻሿ ጫፍ ያዘች። የሆነ ቦታ የተባለው ቦታ ተገኘ።

አዴ አያንቱ ተመልሰው ተኙ። በማግስቱም አልተነሡም፤ ሳላቸው ባሰ። ለሊሴ እኔን ላለማየት ስትል ድስት ታጥባለች፣ የታጠበውን ድስት መልሳ ታጥባለች። እስቲ ፍረዱኝ፤ አማቱን በቁማቸው ሳጥን ውስጥ ያስቀመጠ አማች ተብዬ ልኖር ነው? ስለ ግድግዳዬና ስለ ፍየሌ አፉ የማያርፍ ሰው ሁሉ፣ ስንቱን ቀብር አብሮኝ የቆመ ሰው ሁሉ፣ ምነው የዚያን ቀን ያየበትን ቦታ ማስታወስ አቃተው?

እየጦፍኩ ሚስማር ሻጩ ጋ ሄድኩ። «እንዴት አትነግረኝም?» ስለው ዓይኑን አፈጠጠ። «ለማን ነው ብዬ ስጠይቅህ ‹ለአማቴ› አልከኝ፤ እኔማ እግዜር ያጽናህ ብዬሃለሁ!» ብሎኛል፣ እውነቱን ነው። እኔ ደግሞ አማት ቤቱ የገባችበትን ሰው ችግር የሚረዳ ባለትዳር መስሎኝ አመስግኜው ነበር የወጣሁት።

ኢድሪስ ላይ ልጮህ ስሄድ ደግሞ ከልቡ አዘነ። «እኛ እኮ በከፈን ነው የምንቀብረው። ጨርቅ ብቻ፣ ሚስማር የለም። የናንተ ቀብር ስመጣ ከኋላ ነው የምቆመው፤ ሳጥኑን መቼ አየሁት? አንተ ግን ክርስቲያን ነህ፤ አንተስ ለምን አላወቅከውም?»

«መንቀያህን ይዘህ ና» አልኩት።

ኢድሪስ ቤት ድረስ መጥቶ ሚስማሩን አንድ በአንድ ነቀለ፤ ቀዳዳውንም በስሱ በተቆረጠ ቆዳ ሸፈነው። ያኔ መካሪ በሩን አላለፈም፤ ራሴ ቆሜበት ነበር። አዴ አያንቱ ሶፋውን በመዳፋቸው ዙሪያውን ዳበሱት፣ ጠረጠሩት፣ ከዚያ ተቀመጡ። በሚቀጥለው ቀንም ተቀመጡ። ሳሉ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄደ። ለሊሴም ታረቀችኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት ለሊሴ ገበያ ወጥታ ሳለ ከሳሎን «ልጄ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከእኔ በቀር ቤቱ ውስጥ ሰው አልነበረም። ገባሁ። ቀና ብለው ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

«ያን ሚስማር ጣልከው?»

«ኧረ አልጣልኩትም። ጣሳ ውስጥ ነው ያለው።»

«ደግ አደረግህ። ጥሩ ሚስማር ነው፤ ለእኔ ጊዜ ይሆናል። ለሊሴ እንዳትሰማ፣ ታለቅሳለች። ለአንተ ነው የምነግርህ።» መዳፋቸውን በሶፋው ክንድ ላይ አሻሹ። «ግን አራርቀው ይምቱት። ሲጠጋጋ አያምርም። አደራ።»

አደራ ሲባል ምን ይመለሳል? «እሺ እማዬ» አልኩ። ከዚያ ሁሉ መራጭ መካከል ሚስማሩ ለምን እንደሆነ አውቀው የመረጡት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ የምቆጣው ሰው እንኳ አላስቀሩልኝም። ጣሳውን ለሊሴ የማትደርስበት ቦታ፣ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ደበቅሁት።

እዚያው እንዲዝግ እየጸለይኩ ነው።