የተረፉት ሰባት ጎማዎች

[ሥራ ላጡ ወጣቶች የሦስት ወር የቧንቧ ሥልጠና የሚሰጥበት የቆርቆሮ አዳራሽ። ዛሬ ፈተና ነው፤ ፈታኟ ሠራተኛ የሚቀጥሩ ሴት ናቸው። ሁለት ጓደኛሞች እያንዳንዳቸው ቧንቧ በገጠሙበት የመለማመጃ ግድግዳ ፊት ይጨቃጨቃሉ። አንደኛው ደብተሩ ከብብቱ ስለማይለይ “ባለደብተሩ” ይሉታል። ሌላው ነገር ሁሉ ዘግይቶ ስለሚገባውና “ቆይ፣ ቆይ” ሳይል አፉን ስለማይከፍት “ቆይቆይ” ሆኖ ቀርቷል፤ ባልዲ ገልብጦ ተቀምጦበታል። ባለደብተሩ እናቱ ትናንት የሰፋችለትን ሰማያዊ ቱታ ለብሷል፤ ከላይ ኮርቷል፣ ከውስጥ ፈርቷል።]

ባለደብተሩ፦ ባልዲውን አንሣልኝ አልኩህ! ፈተና ነው ወይስ የልብስ አጠባ?

ቆይቆይ፦ ቆይ፣ ቆይ። ወንበር የለማ! ምን ላይ ልቀመጥ?

ባለደብተሩ፦ ቁም! ባለሙያ ቆሞ ነው የሚፈተነው። ደግሞ ስማ፤ የሚያውቅ ቧንቧ ይገጥማል፣ የማያውቅ ባልዲ ይይዛል። ጻፈው!

ቆይቆይ፦ ምን ላይ? ደብተር ያለህ አንተ።

ባለደብተሩ፦ እኔማ ጽፌዋለሁ።

ቆይቆይ፦ [የጓደኛውን ግድግዳ እያየ] እንዴት ቶሎ ጨረስክ ግን? እኔ እኮ ገና አሁን ሰባተኛዋን መገጣጠሚያ ማሰሬ ነው።

ባለደብተሩ፦ ጭንቅላት ነዋ! [ከኪሱ ጥቋቁር የጎማ ቀለበቶች ያወጣል] እየው፣ ሰባት ዕቃ አትርፌያለሁ።

ቆይቆይ፦ ቆይ፣ ቆይ። እነዚህ በየመገጣጠሚያው ውስጥ የሚገቡት አይደሉም?

ባለደብተሩ፦ ለጀማሪ! ፋብሪካው ለሚጠራጠር ሰው ብሎ ነው የሚጨምራቸው። የባለሙያ ምልክቱ ዕቃ ማትረፉ ነው።

ቆይቆይ፦ እንግዲያው የሰፈራችን ሰዓት ሠሪ የተዋጣለት ነው። የአባቴን ሰዓት ሠርቶ አንድ እፍኝ ብሎን ተርፎታል።

ባለደብተሩ፦ አየህ!

ቆይቆይ፦ ሰዓቱ ግን ከዚያ ወዲህ ሄዶ አያውቅም።

ባለደብተሩ፦ አንተ ደግሞ ነገር ታበዛለህ! ሦስት ወር ሙሉ የኔ ቧንቧ አንዲት ጠብታ ሲያፈስ አይተሃል?

ቆይቆይ፦ ሦስት ወር ሙሉ ውሃ መቼ ገብቶበት ያውቃል?

ባለደብተሩ፦ እና? አላፈሰሰማ!

ቆይቆይ፦ እሱስ እውነትህን ነው። [ያስባል] ቆይ፣ ቆይ። ዛሬስ ቢገባበት?

ባለደብተሩ፦ ደብተሬ ላይ ስለ ውሃ የተጻፈ የለም! [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] ወንድሜ፣ በሞቴ አታስፈራራኝ። ቀጣሪዋ የሚወስዱት አንድ ሰው ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ለእናቴ... “ተቀጥሬያለሁ” ብያታለሁ።

ቆይቆይ፦ ውይ! መቼ?

ባለደብተሩ፦ ከትናንት ወዲያ። ትናንት ቱታ ሰፋች፤ ዛሬ ጠዋት ጎረቤቱ ሁሉ አጨብጭቦ ሸኘኝ። አንዷማ “ስትመለስ የኔንም ቧንቧ ታይልኛለህ” ብላ ቀጠሮ አስይዛኛለች።

ቆይቆይ፦ በምን ልታይላት?

ባለደብተሩ፦ በደብተር!

[ቀጣሪዋ ይገባሉ። ጠና ያሉ፣ እጅጌያቸውን የሰበሰቡ የቧንቧ ሠራተኛ ናቸው። ትከሻቸው ላይ ረጅም የፕላስቲክ ቱቦ ተጠምጥሟል።]

ባለደብተሩ፦ እትዬ፣ ቱ... ቱቦው ለምንድን ነው?

ቀጣሪዋ፦ ለውሃ ነዋ ልጄ! ከማን ልጀምር?

ቆይቆይ፦ ከሱ! እሱ ዕቃ ሁሉ ተርፎታል፣ እትዬ።

ቀጣሪዋ፦ ምን አለ ይሄ? ተርፎታል?

[ቱቦውን አገናኝተው ይከፍታሉ። ከዚያ ሰባት ምንጭ በሰባት አቅጣጫ ይፈነዳል። አንዱ ደብተሩን፣ አንዱ ቱታውን፣ አንዱ በቀጥታ አፉን ያገኘዋል።]

ባለደብተሩ፦ ዝጉት! ኧረ የሰው ያለህ!

ቆይቆይ፦ ቆይ፣ ቆይ...

ባለደብተሩ፦ ምን ቆይ ትለኛለህ፣ ሰጠምኩ እኮ!

[ቆይቆይ ባልዲውን ከሥር ይደቅንና ሄዶ ውሃውን ይዘጋል። ቱቦው ወደ እሱ ግድግዳ ይዞራል። ይከፈታል። ጠብ የሚል ነገር የለም።]

ቀጣሪዋ፦ ሃያ ዓመት ሳሠራ ባልዲ ቀድሞ ያዘጋጀ ሠልጣኝ አላየሁም። ማን አስተማረህ?

ቆይቆይ፦ አይ እትዬ፣ ለመቀመጫ ነው ያመጣሁት።

ቀጣሪዋ፦ ጎማዎቹንስ በየቦታቸው እንዴት አገባሃቸው?

ቆይቆይ፦ የቱ ጋ እንደማያስፈልግ ስላላወቅሁ፣ ሁሉም ጋ ከተትኩ።

ቀጣሪዋ፦ [እየሳቁ] እንዲህ ያለውን አለማወቅ ነው የምፈልገው! ነገ በጠዋት ና።

[ባለደብተሩ እናቱ ከሰፋችለት ቱታ የሚንጠባጠበውን ውሃ ያያል። ጎረቤቱ ሁሉ በር ላይ ቆሞ ይታየዋል።]

ቆይቆይ፦ ቆይ፣ ቆይ፣ እትዬ። ረዳት አይፈቀድም?

ቀጣሪዋ፦ ምን የሚያውቅ ረዳት?

ቆይቆይ፦ ምንም። ግን ከዛሬ ወዲያ ጎማ አይረሳም። ቱታውም ተሰፍቶ አልቋል።

ቀጣሪዋ፦ [ከላይ እስከ ታች አይተውት] እሺ፣ አንድ ወር ይሞከር።

ባለደብተሩ፦ [እንባና ውሃው ተቀላቅሎ] የናቴ ልጅ! ሥራዬ ምንድን ነው ታዲያ?

ቆይቆይ፦ [ባልዲውን እያቀበለው] ደብተርህ ላይ ጽፈኸዋል።

[ባለደብተሩ ደብተሩን ይገልጣል። ቀለሙ ታጥቦ ሄዷል። ባልዲውን እያገላበጠ ያየዋል።]

ባለደብተሩ፦ ቆይ፣ ቆይ... ይሄ በየት በኩል ነው የሚያዘው?